የሐዲድ እርምጃ

መጀመሪያ ያየሁት ጣታቸውን ነው። የመሃል ጣታቸውን አጥፈው በአንጓው የወንበሩን የብረት እጀታ ኳ፣ ኳ አደረጉና ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ወደሚቀጥለው ወንበር ተሻገሩ፤ ኳ፣ ኳ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተጨፈገገ። «ይሄ ተሰንጥቋል» አሉ፤ ለማንም አይደለም የሚናገሩት። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከቀለሙ ሥር፣ ብየዳው ላይ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። እጄን በአፌ ጫንኩ።

«ምን አፍሽን ያስይዝሻል?» አሉኝ ዞር ብለው። «ብረት ነው። ሲሰነጠቅ ድምፁ ይለወጣል። አለቀ።»

እንደዚህ ነው የተዋወቅነው፤ በቁጣ። እኔ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አክስቴን ይዤ ወደዚያ ሕክምና ቤት እመላለስ ነበር። አክስቴ ለወራት ታማ ተኝታ ስትነሳ እግሯ መሄድ ረስቶ ጠበቃት። «ሰውነታቸው ዝሏል፣ እንደገና ይለማመዱ» ብለው ምድር ቤት ወዳለው የመራመጃ ክፍል ላኩን። እሳቸው ደግሞ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ፣ በቀዶ ጥገና ብረት ገብቶላቸው፣ ከልጃቸው ጋር ይመጣሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ያልጎበጠ ሰው ናቸው። ምርኩዝ ይዘዋል፤ ግን አይደገፉበትም፣ አደራ እንደተሰጣቸው ዕቃ በጎን አንጠልጥለውት ነው የሚሄዱት። ተራ የምንጠብቅ ሰዎች ከጀርባቸው «ጋሽ ነጎድጓድ» እንላቸው ነበር። ስሙን ያወጣችላቸው አክስቴ ናት፤ የአክስቴ አፍ ክዳን የሌለው ድስት ነው።

የመራመጃ ክፍሉ በር ግማሹ መስታወት ነው። አግዳሚ ወንበሩ ከፊት ለፊቱ ስለተቀመጠ እዚያ ውስጥ የሚደረገውን ሁሉ እናያለን፤ በሩ ስለማይገጥም እንሰማለንም። ወለሉ ላይ ከእግር ሥር የሚንሸራተት የመራመጃ ማሽን አለ፤ ግራና ቀኙ መያዣ ብረት። ከጣራው የተንጠለጠለ ሰፊ ቀበቶ ደረትና ወገብ ላይ ይታሰራል፤ ሰው ቢሳት እንኳ አይወድቅም። ከዚያ መነጽሩ። የበያጆች መነጽር የሚመስል፣ ዓይንን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ጥቁር ነገር። «ምናባዊ እውነታ» ይሉታል። አጥልቀሽው ስትራመጂ ግድግዳው ይጠፋና መናፈሻ ውስጥ ትገቢያለሽ፤ ካልፈለግሽ የባሕር ዳርቻ፣ ካልፈለግሽ ድልድይ። ሐሳቡ መውደቅን የፈራ ሽማግሌ ፍርሃቱን ረስቶ እንዲራመድ ነው።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። አክስቴ ባሕር አይታ አታውቅም። መነጽሩን ያጠለቀች ቀን፣ ያቺ ከአልጋ ወደ ወንበር ለመሻገር የምታለቅሰው አክስቴ፣ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብሰብ አድርጋ፣ እንዳይረጥብባት፣ እየሳቀች ሁለት መቶ እርምጃ ሄደች። ወለሉ ደረቅ ነበር። እኔ መስታወቱ ላይ ግንባሬን ደግፌ ቀረሁ። ስለዚህ ማሽኑን የምጠላበት ምክንያት አልነበረኝም።

እሳቸው ግን ከመጀመሪያው ቀን ተጣሉት።

ባለሙያዋ ገና ወጣት ናት፤ ነጭ ሸራ ጫማ፣ ልስልስ ድምፅ፣ በቀን ሠላሳ ሰው የምታራምድ፣ ከሰዓት በኋላ ዓይኖቿ ሥር የሚጠቁር። ቀበቶውን አሰረችላቸው፣ መነጽሩን አጠለቀችላቸው፣ ማሽኑን አስነሳችው። ከድምፅ ማጉያው የአንዲት ሴት ድምፅ፣ ማር የተቀባ፣ «ጎበዝ! በጣም ጎበዝ! እርምጃዎን ትንሽ ያርዝሙ!» አለ።

«ማነው ጎበዝ የሚለኝ?»

«ማሽኑ ነው አባባ።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ኧ... ከመጣ እንኳ ሦስት ወሩ ነው።»

«ሦስት ወሩ!» አሉ። «የሦስት ወር ልጅ ነው እኔን ጎበዝ የሚለኝ!»

አክስቴ አጠገቤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እሳቸው ግን ቀልድ ላይ አልነበሩም። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዱና ወደ ታች አጎነበሱ። ቆሙ። ማሽኑም ቆመ።

«እግሬ የታለ?»

«አለ አባባ። መነጽሩ እግር ስለማያሳይ ነው።»

«ዛፍ ያሳያል?»

«አዎ።»

«ወፍ ያሳያል። ያቻትና ቢጫ ወፍ። እግሬን ግን አያሳይም። እኔ እዚህ የመጣሁት ልበር ነው ልራመድ?» መነጽሩን ከዓይናቸው ገፈፉት። ፀጉራቸው ቆሟል፣ ፊታቸው ደም ለብሷል።

ልጃቸው ከወንበሯ ብድግ አለች። የመሥሪያ ቤት ልብስ የለበሰች፣ በአንድ እጇ የመኪና ቁልፍ በአንድ እጇ ስልክ የያዘች፣ ሁልጊዜ የሆነ ቦታ የዘገየች ሴት ናት። «አባዬ፣ እባክህ ሰው ፊት አታሳፍረኝ» አለች፤ ለባለሙያዋም «ይቅርታ፣ ከወደቀ ወዲህ እንደዚህ ነው» አለቻት። ሁለቱም በር ላይ ቆመው ስለ እሳቸው ማውራት ጀመሩ።

«ስምንት ሳምንት አለን» አለች ባለሙያዋ። «መጨረሻ ላይ እንለካቸዋለን። የእርምጃቸው ርዝመት ስድሳ አምስት ሳንቲ ሜትር ካልሞላ 'ብቻቸውን መኖር ይችላሉ' ብዬ መፈረም አልችልም። አሁን ሃምሳ አምስት ነው። አጭር እርምጃ የድካም ምልክት ነው።»

«እኔም ብቻውን እንዲሆን አልፈልግም፤ እኔ ቤት ቢሆንም ቀን ቀን የሚጠብቀው የለም። የአረጋውያን መኖሪያው አልጋ ይዘውልኛል፤ እስከዚያ ይጠብቁኛል።»

«እኔ እዚሁ ነኝ» አሉ እሳቸው ከቀበቶው ሥር።

«መኖሪያው ንጹሕ ነው፣ ነርስ አለው...»

«እዚሁ ነኝ እኮ!»

ማንም ዞር አላለም። ያኔ ነው የእኔም ደም መፍላት የጀመረው። ሰውየው በማሰሪያ ከጣራ ተንጠልጥለው፣ ሁለት ሴቶች የት እንደሚቀመጡ ይመክራሉ፤ ልክ ሶፋ የት እንደሚገባ እንደሚመከረው።

የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቤታቸው። ቤት ማለት ለባቡር ሠራተኞች በተሠራ አሮጌ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንድ ክፍል ናት። ሃያ ሁለት ደረጃ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ የጋዝ ምድጃ፣ በሩን ስትዘጋው የሚጮህ ማጠፊያ። ይህን የነገሩኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ልጃቸው ስልክ ልታነጋግር ወጣ ስትል።

«ሥራዎ ምን ነበር?» አልኳቸው።

«መሄድ።»

«መሄድ ብቻ?»

«ብቻ ትላለች!» ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱት። «ሠላሳ ስድስት ዓመት ሄድኩ። 'ብቻ'!»

የሐዲድ ተቆጣጣሪ ነበሩ። በየማለዳው እጀታው ረጅም መዶሻ፣ ትልቅ የብሎን መፍቻና ሁለት ባንዲራ ይዘው ከአንዱ ጣቢያ ወደሚቀጥለው በሐዲዱ ላይ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። የላላ ብሎን ያጠብቃሉ፤ ሐዲዱን በመዶሻ እየነኩ ድምፁን ይሰማሉ። ደህና ብረት ይዘምራል፣ የተሰነጠቀው ያስላል፤ እንደዚህ ነው ያሉኝ። ከሐዲዱ ሥር እንጨቶች ተጋድመዋል፤ በእንጨቶቹ መሃል ያለው ሹል ጠጠር ነው፣ እግር ሥር የሚንከባለል። ስለዚህ ሰው ከእንጨት እንጨት እየረገጠ ይሄዳል።

«የእኛ መስመር አሮጌ ነው» አሉ። «እንጨቱ ተቀራርቦ ነው የተነጠፈው። አንድ አንድ ስትረግጪ ያንስሻል፤ አንዱን ዘለሽ ስትረግጪ ይበዛብሻል። የመጀመሪያው ዓመት ጉልበት ይገድላል። ሁለተኛው ዓመት እግር ራሱ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ አስፋልት ላይም፣ ሣር ላይም፣ ሰርግ ቤትም ያው ነው። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ አብረን ስንወጣ 'ምነው ሰንሰለት እንዳሰሩት ሰው ትራመዳለህ' ትለኝ ነበር።»

አንድ ብርድ ጧት መዶሻቸው የታፈነ ድምፅ ሰጠ። ጎንበስ ብለው ቢፈልጉ ምንም የሚታይ ነገር የለም። ቀዩን ባንዲራ ተከሉ። የመንገደኛ ባቡር ቆመ። መሐንዲሱ መጥቶ በዓይኑ አየ፣ በእጁ ዳሰሰ፣ «ምንም የለውም» አለ። ባቡሩ አርባ ደቂቃ ዘግይቶ አለፈ፤ ለእሳቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላቸው። እሳቸው ግን በየማለዳው እዚያው ቦታ ላይ እየቆሙ አንኳኩ፤ በስምንተኛው ቀን ስንጥቁ ራሱን አሳየ። ሐዲዱን ቀየሩት።

«ደብዳቤውስ?»

«ጡረታ እስክወጣ ፋይሌ ውስጥ ነበር። ማን ያወጣዋል?»

«ለምን አልጠየቁም?»

«ልለምን?» ዓይናቸው አፈጠጠብኝ። «እኔ ብረቱ የተናገረውን ነገርኳቸው። ካላመኑኝ የራሳቸው ጉዳይ ነው።»

እኔ በዚያ መስመር ሲመላለሱ የኖሩትን፣ ያን ቀን እዚያ ባቡር ውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች አሰብኩ። በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው አንድ ባንዲራ የያዘ ረጅም ሰው ሲሰድቡ፣ ሰዓታቸውን ሲያዩ፣ ቤታቸው ሲገቡ «ዛሬ አንድ ጅል አቁሞን...» ሲሉ። ስንቶቹ ዛሬ አያት ሆነዋል? ማንም አያውቅም። አለመውደቅ ታሪክ የለውም።

ሦስተኛው ሳምንት አለፈ፤ አራተኛው፣ አምስተኛው። አክስቴ በባሕሩ ዳር አድርጋ ወደ መናፈሻው ዘለቀች፤ ቢጫዋን ወፍ ስም አወጣችላት። የእሳቸው ቁጥር ግን አልነቃነቅ አለ። ሃምሳ አምስት። ሃምሳ አራት። ሃምሳ አምስት። ያቺ የማር ድምፅ «እርምጃዎን ያርዝሙ!» ባለች ቁጥር እግራቸውን ይዘረጋሉ፤ በተዘረጋ ቁጥር መላ ሰውነታቸው ይደነግጣል። እጃቸው ብረቱን ያንቃል፣ ቀበቶው ይወጠራል። ያለ ትእዛዝ የማይንገዳገደው ሰው በትእዛዝ ይንገዳገዳል። በስክሪኑ ላይ የእርምጃቸው መሥመር እንደ ተሰበረ መስታወት ሹል ሹል ይላል፣ ቀይ ይሆናል። ባለሙያዋ ትተነፍሳለች፣ ትጽፋለች።

በስድስተኛው ሳምንት ልጃቸው የመኖሪያውን ቅጽ አመጣች። የተፈራሚ ቦታ ሁለት ነው፤ የእሷን ፈርማበታለች። ለእሳቸው እስክሪብቶ ዘረጋችላቸው።

«አልፈርምም።»

«አባዬ፣ ውጤቱን እያየኸው ነው።»

«ዓይኔ ተሸፍኖ በምኔ አየዋለሁ?»

እስክሪብቶውን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ መኪና ላቆም ብላ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። እሳቸው እስክሪብቶውን በምርኩዛቸው ጫፍ ገፍተው ከወንበሩ ጣሉት።

አክስቴ ዝምታ አትችልም። «እኔ የምለው፣ ጋሼ» አለች፣ «ሠላሳ ስድስት ዓመት በጠጠር መሃል ያልወደቁ ሰው ቤት ውስጥ እንዴት ወደቁ? ያዝ አርጎዎት ነበር እንዴ?» እጇን እንደ ብርጭቆ ወደ አፏ አነሳች።

ይጮሁባታል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ይህ ከጩኸታቸው ይልቅ አስፈራኝ።

«አንድ ወሬ ልንገራችሁና እዚሁ ቅበሩት። ልጄ አዲስ ቤት ሠራች። 'ክፍልህን ቆልፈህ ግባና አብረን እንኑር' ብላ ወሰደችኝ። ወለሏ ነጭ ሸክላ ነው፤ አንዱ ሸክላ ሰማንያ በሰማንያ። በመሃል በመሃሉ ጥቁር መሥመር አለው። እንግዲህ የእኔ ዓይን ወለል ላይ መሥመር ካየ እግሬ ይለካል። ሸክላው እንጨት ይሆንብኛል፣ መሥመሩ ጠጠር። ጠጠር አይረገጥም። ከሸክላ ሸክላ፣ ከሸክላ ሸክላ። ሰማንያ ለእኔ ሩቅ ነው፤ ግን ችዬ ነበር። አንድ ጧት ስልክ ጮኸ፣ ካልሲ ነው ያደረግሁት፣ ቸኮልኩ። ተዘረጋሁ።»

«ተዘረጉና?»

«ተዘረጋሁ አልኩሽ! እዚያው ተዘርግቼ ቀረሁ።»

አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀችም። «ታዲያ ለልጅዎ ለምን አይነግሯትም? ደክመው የወደቁ መስሏት እኮ ነው።»

«ምን ልበላት? 'አባቴ ሳሎኔ ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወት ወደቀ' ትበል? ያኔ ለእግሬ ሳይሆን ለጭንቅላቴ ነው ቦታ የምትፈልግልኝ።» የወደቀውን እስክሪብቶ በምርኩዛቸው ራቅ አደረጉት። «ደግሞ ቤቷን ትጠላዋለች። ስንት ዓመት የለፋችበት ቤት ነው።»

ነገሩ ያኔ ገባኝ፤ አጭሩ እርምጃ ድካማቸው አልነበረም፣ ሙያቸው ነበር። ሰውየውን የጣላቸው ረጅሙ እርምጃ ነው፤ ይኸው ስድስት ሳምንት ሙሉ ያንኑ እያስተማሯቸው ነው። ልናገር ስል ምርኩዛቸው ጉልበቴ ላይ አረፈ። «ቅበሩት ብያለሁ።» ሁለታችንም ማልን።

በሚቀጥለው ዓርብ አክስቴ ልምምዷን ጨርሳ መነጽሩን ስታወልቅ ባለሙያዋን ክንዷን ያዘቻት። «ልጄ፣ ያን ድልድይ ለጋሼ አሳዪያቸው እስቲ። ጣውላ ጣውላውን። እኔን ያዞረኛል፣ ለእሳቸው ግን ይሆናቸዋል።»

«ድልድዩ እኮ ለበረቱት ነው እትዬ። ለምን አሰቡት?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለች አክስቴ፣ በመስታወቱ ወደ እኔ እየጠቀሰች። «አሳዪያቸው ብቻ።» መሐላዋን ያላፈረሰች ሴት ፊት ነበራት።

ባለሙያዋ አመነታች። ከዚያ፣ ምናልባት ስለደከማት፣ ምናልባትም ያ ቀይ መሥመር ስለሰለቻት፣ እሺ አለች። እሳቸውን አሰረቻቸው። ልጃቸው በሩ አጠገብ ቆማ ስልኳን ትነካካለች።

«አባባ፣ አሁን የእንጨት ድልድይ ነው የሚያዩት። ጣውላ ጣውላውን ይርገጡ። በመሃሉ ውኃ አለ።»

እሳቸው መነጽሩን አጥልቀው ወደ ታች አዩ። ብዙ ቆዩ።

«ሰፋ» አሉ።

«ምኑ?»

«ጣውላው ተራራቀ። አቀራርቢው።»

«ስድሳ አምስት ላይ ነው ያደረግሁት አባባ፣ የሚፈለገው...»

«አቀራርቢው አልኩሽ!»

አቀራረበችው። ስድሳ። «ገና ነው።» ሃምሳ ስምንት። «ገና።» ሃምሳ ስድስት። «አንድ ጥፍር ታህል።» ሃምሳ አምስት። ሁለት እጃቸውን ከብረቱ ላይ አነሱ።

ሄዱ።

እንዴት ብዬ ልናገረው? ሰውየው አልተለወጡም፤ ያው ረጅም ሰው፣ ያው አጭር እርምጃ። ግን ከሥራቸው የሆነ ነገር ተገጣጠመ። ትከሻቸው ወረደ። ቀኝ እጃቸው ትንሽ ከበድ ብሎ ይወዛወዝ ጀመር፣ ዕቃ እንደያዘ ሰው። ጭንቅላታቸው አይነቃነቅም። እግራቸው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል፣ ቧንቧ እንደሚንጠባጠብ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይቀድም። ቀበቶው ላልቶ እንደ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ያ ስክሪን፣ ያ የተሰበረ መስታወት፣ በማስመሪያ የተሰመረ መሥመር ሆነ።

«እርምጃዎን ትንሽ ያርዝሙ!» አለች የማሯ ድምፅ።

ባለሙያዋ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ እጇን ዘርግታ ድምፁን ዘጋችው። አንጀቴን አራሰችው።

አሥራ ስምንት ደቂቃ ሄዱ። አክስቴ የምትወስደውን መድኃኒት ረሳች፣ ልጃቸው ስልኳን ረሳች፤ ስልኩ እጇ ውስጥ ይጮኻል፣ አታነሳም። ማሽኑ ሲቆም ባለሙያዋ መነጽሩን በቀስታ አወለቀችላቸው። ላባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል።

«አባባ» አለች፣ ልስልሱ ድምፅ ጠፍቷል፤ «እኔ ርዝመቱን ነው ስመለከት የኖርኩት። እኩል መሆኑን አላየሁም። እንደዚህ እኩል የሚራመድ ሰው በዚህ ክፍል አላየሁም፤ ወጣቱንም ጨምሮ። እንደዚህ የሚሄድ ሰው ዝም ብሎ አይወድቅም። እንዴት ወደቁ?»

አክስቴ ጣራውን ታያለች።

«በእሷ ወለል!» ብለው ጮኹ። እጃቸው በሩ ላይ ወደ ቆመችው ልጃቸው ተዘረጋ። «በእሷ ሰማንያ በሰማንያ ወለል! መሥመር አልረግጥም ብዬ፣ እንደ ሕፃን ስዘል፣ በካልሲ! ይኸው! ሰማችሁ? ሳቁ!»

ማንም አልሳቀም። ልጃቸው ፊቷ ተለዋወጠ። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ እሷም የአባቷ ልጅ ናት፣ ጮኸች።

«ሦስት ወር! ሦስት ወር ሙሉ ራሴን ስበላ! ምንጣፉ ነው? መብራቱ ነው? ጠዋት ትቼው ስለወጣሁ ነው? እያልኩ! ለምን አትነግረኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ሐኪሙን ጠየቅሽ። ነርሷን ጠየቅሽ። ይሄንን ማሽን ጠየቅሽ! እኔን ማን ጠየቀኝ? አፌ ነው እንዴ የተሰበረው?»

ልጃቸው ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ባለሙያዋ አንገቷን ደፍታ የቀበቶውን ማሰሪያ ትፈታለች። «እኔም አልጠየቅኩም» አለች፣ ለማሰሪያው።

ነገሩ እዚያ አላለቀም። በስምንተኛው ሳምንት የመለኪያው ቀን ደረሰ፤ ቅጹ የሚያውቀው ርዝመት ብቻ ነው። ሃምሳ አምስት ተብሎ ተጻፈ። ከሥሩ በታተመ ፊደል «ብቁ አይደለም» የሚል ሳጥን አለ። ባለሙያዋ ሳጥኑን ትታ በወረቀቱ ጠርዝ፣ ባዶው ቦታ እስኪያልቅ፣ ከዚያም በጀርባው ጻፈች። ወረቀቱን ይዛ ወደ አለቃዋ ወደ ላይ ወጣች። ግማሽ ሰዓት ቆየች። ስትመለስ ጆሮዎቿ ቀልተዋል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ሁለት ፊርማ አለ። ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በደረጃው መያዣ ብረት ይገባል፣ ልጃቸው ጠዋትና ማታ ትደውላለች፣ ለሦስት ወር በሳምንት ሁለቴ እየመጡ ይለማመዳሉ።

«በድልድዩ ነው የምለማመደው» አሉ። «መናፈሻ አልገባም።»

«በድልድዩ።»

«ያቺን ጎበዝ ባይም አውጪልኝ።»

«ወጥታለች አባባ።»

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ወደ ልጃቸው ዞሩ። የመኖሪያው ቅጽ አሁንም በእጇ ነው። «ቅደጂው።»

አጠፈችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «አልቀድም አባዬ። ዛሬ አሸነፍክ። የነገውን አንተም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም።»

«በቦርሳሽ ይዘሽኝ ልትዞሪ ነው?»

«አዎ፣ ይዤህ እዞራለሁ።»

ሁለቱ ተፋጠጡ። ማን ልክ እንደሆነ እስካሁን መፍረድ አቅቶኛል። ሴትየዋ ቦርሳዋን ዘግታ መኪናዋን ልታመጣ ወጣች።

እኔና አክስቴ በር ላይ ታክሲ ስንጠብቅ እሳቸው ወጡ። ቆመው አልጠበቁም፤ ቀጥታ የእግረኛ መንገዱን ያዙ።

«ልጅዎ መኪና ልታመጣ ሄዳለች እኮ!» አልኳቸው።

«ታምጣው። መኪና ልግባ ብዬ ነው ስምንት ሳምንት የተንጠለጠልኩት?»

ሌላ ነገር መናገር ፈለግሁ፤ የወጣልኝ ግን «በጣም ነው የገረሙኝ» የሚለው ብቻ ነበር።

ዞሩብኝ። «ይገርምሻል! ወንበሩ ይገርምሻል፣ ሐዲዱ ይገርምሻል፣ እኔ እገርምሻለሁ። ስምንት ሳምንት ሙሉ መስታወት ላይ ተለጥፈሽ ስትገረሚ አየሁሽ። መገረም ምን ይሠራል? አንኳኪና ግቢ እንጂ!»

መሐላ ያስገቡኝ እሳቸው መሆናቸውን ያስታወስኩት ከሄዱ በኋላ ነው።

«በሉ ደህና ሁኑ» አሉ፤ ለአክስቴ ግን ባርኔጣቸውን ነካ አደረጉላት። ሄዱ። ምርኩዛቸው በጎናቸው ተንጠልጥሏል። የልጃቸው መኪና ከግቢው ወጥታ ደረሰችባቸው፣ መስኮቱ ወረደ፣ ክላክሰን ጮኸ። አልዞሩም። መኪናዋ በእሳቸው እርምጃ ልክ እየተሳበች በጎናቸው ትከተላለች፣ ከኋላዋ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ይጮኻል፣ በመስኮቱ ውስጥ የልጅየዋ እጅ ይወራጫል፤ እሳቸውም ፊት ለፊት እያዩ፣ እግራቸውን ሳያዘገዩም ሳያፈጥኑም፣ ይመልሱላታል። ምን እንደሚባባሉ አይሰማም ነበር። እስከ መታጠፊያው ድረስ እየተጨቃጨቁ ሄዱ።